ከበስተ ኋላ ስለ ቆመው ሰው

ባለፈው ክረምት አክስቴን ለመቀበል ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ነበር። ሰዓቱን አሳስቼ ቀድሜ ስለ ደረስሁ፣ ተቀባዮች በሚቆሙበት ስፍራ፣ አበባ ከያዙ ሰዎች መካከል፣ ሁለት ሰዓት ያህል መቆም ግድ ሆነብኝ። ከመንገደኞቹ አንዱ ወጣት ሻንጣውን በጋሪ እየገፋ፣ ቁመቱን ሊያህል ጥቂት የቀረው ጥቁር መያዣ በትከሻው አንግቶ ወጣ። አጠገቤ የቆሙ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ጠጋ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ይኸ ክራር ነው?» አሉት። «አይ እማማ፣ ቤዝ ጊታር ነው» አላቸው። «እሱ ደግሞ ምን ይላል?» ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «እሱ እንኳ ከሥር ነው የሚሄደው፤ ብዙም አይሰማም» ብሎ ፈገግ አለ። እናትዬዋም፣ «ታዲያ ካልተሰማ ምን አሸከመህ?» አሉት። በዙሪያው የቆምነው ሁሉ ሳቅን።

እኔም ስቄአለሁ። ዳሩ ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። እኔ ራሴ በተማሪዎች የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ሦስት ዓመት ቤዝ ጊታር የተጫወትሁ ሰው ነኝ፤ ያቺን ጥያቄ ለእኔ ቢያቀርቡልኝ ኖሮ ከልጁ የተሻለ መልስ አልሰጥም ነበር። ከዚያም ወዲህ ጉዳዩ የሳቅ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ነገር መጣ። ለዓመቱ መዝጊያ በምናዘጋጀው የሙዚቃ ምሽት ላይ፣ ወጪ ለመቀነስ ሲባል፣ ቤዝ ጊታሩ ይቅርና ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ በግራ እጁ ይተካው የሚል ሐሳብ በስብሰባ ቀርቦ ብዙዎች አጨብጭበውለታል። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ተላለፈ፣ ከዚያ በፊት የምለውን በዚህች ጋዜጣችን ላይ ልበል።

በመጀመሪያ መሣሪያው ራሱ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት ወገኖቼ ላስረዳ። ቤዝ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ አራት ወፋፍራም ክሮች አሉት፤ የሚቃኙትም ከሥር ወደ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ነው። ይህ ከተራው ጊታር አራቱ ዝቅተኛ ክሮች ጋር አንድ ሲሆን፣ ድምፁ ግን በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ወፍራሙ ክር በሰኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የእጅ ስልካችሁ ድምፅ ማጉያ ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ ጆሯችን ከላይ ካሉት ተከታይ ድምፆች ተነሥቶ የጐደለውን በግምት ይሞላዋል። የፊዚክስ መምህራኖቻችን ይህን ከእኔ አሳምረው ሊያስረዱ ይችላሉ። እንግዲህ ዛሬ «ቤዝ አይሰማም» የሚለው ወጣት ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ የማይሰማው ግን ስልኩ ስላላወጣለት እንጂ ተጫዋቹ ስላልተጫወተ አይደለም።

መሣሪያው በዕድሜ ከአያቶቻችን ያንሳል። ቀድሞ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ሰው የሚያህለው፣ ቆመው የሚጫወቱት ኮንትራባስ ነበር። መለከቱና ከበሮው ሲበረታ የኮንትራባስ ድምፅ ይዋጣል፤ በዚያ ላይ በአውቶቡስ ጣራ እንኳ ለመጫን አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ፖል ተትማርክ የሚባል ሰው በሲያትል ከተማ እንደ ጊታር በደረት ላይ ተይዞ የሚመታ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ገበያ ግን አላገኘም። በ1951 ሊዮ ፌንደር «ፕሪሲዥን» ብሎ የሰየመውን ሲያወጣ ነገሩ ተለወጠ። ስሙ «ትክክለኛ» ማለት ነው፤ በአንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት ዘንጎች ጣት የት ማረፍ እንዳለበት ስለሚወስኑ፣ ተጫዋቹ እንደ ኮንትራባሱ በጆሮው እየፈለገ አይቸገርም። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ በአዋጅ ቁጥር ላይ ካልሆነ በቀር።)

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። አንድ ጓደኛዬ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ፣ «ቤዝ ጊታር የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሙዚቃ መሠረቱ ክራርና ማሲንቆ ስለ ሆነ አንፈልገውም» ብሏል። ጓደኛዬ አገር ወዳድነቱን አከብርለታለሁ፤ ኪቦርዱን ግን የት አገር እንደ ተሠራ ቢነግረኝ ደስ ባለኝ። ደግሞስ የኢትዮጵያ ጆሮ ዝቅ ያለውን ድምፅ አያውቅም ያለው ማነው? በገናን አስቡ። ባለ አሥር አውታር ነው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት ይሠራል፤ በክሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቍራጭ ቆዳ ስለምትገባ ድምፁ ይነዝራል። ያ ንዝረት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ዝቅ ያለው ድምፅ በጸጥታ ውስጥ ጠፍቶ እንዳይቀር ከላይ ያሉ ድምፆችን ስለሚጨምርለት ጆሮ ይይዘዋል። አባቶቻችን የእጅ ስልክ ሳይኖር የስልኩን ችግር ፈትተውታል ማለት ይቻላል። አለሙ አጋ በገናውን ሲደረድር ያዳመጠ ሰው፣ ዜማው ከላይ በሰውየው አንደበት ቀስ ብሎ ሲሄድ ከሥር የሚመላለሰው የክር ድምፅ ምን ያህል እንደሚሸከመው ያውቃል። ክራርም ቢሆን ዛሬ በባህል ምሽት ቤቶች መድረክ ላይ ሲታይ ትልቁ «ቤዝ ክራር» አብሮት ቆሞ ነው። የባህል ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያለ ቤዝ መቆም እንደማይቻል ስለ ገባቸው አይደለምን?

እንዲያውም ከዚህ የሚልቅ ነገር አለ፤ እኔን ቤዝ እንድይዝ ያደረገኝም ይኸው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚቃ ቤዝ የሚጫወት ሰው ሥራው በአብዛኛው ኮርዶችን መከተል ነው፤ ጊታሩ ወይም ፒያኖው ኮርድ ሲለውጥ እርሱም መሠረቱን ይለውጣል፤ ከመሠረቱ ወደ አምስተኛው ድምፅ ወጣ ገባ ይላል። የእኛ ዜማ ግን በአምስት ድምፅ ቅኝት የሚሄድ፣ ከጥንት ጀምሮ ኮርድ ሳያስፈልገው የኖረ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቤዝ ተጫዋቾች ከሸክላ የተማሩት ዘዴ አልሠራላቸውም። በአንቺሆዬ ላይ ሞክሩት፤ ከዶ ብትነሡ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ናቸው። ከመነሻው አምስተኛው ድምፅ፣ ማለት ሶል፣ ፈጽሞ የለም! የውጭ አገር ቤዝ ተጫዋች ዓይኑን ጨፍኖ የሚያርፍበት ወንበር ከቤቱ ተወስዷል ማለት ነው። ታዲያ የእኛዎቹ ምን አደረጉ? ኮርድ መከተሉን ትተው፣ ከቅኝቱ ሁለት ሦስት ድምፅ መርጠው፣ በጭክጭካው ምት ላይ እየዞረ የሚመለስ አንድ አጭር ሐረግ አበጁ፤ ዘፋኙ ከላይ ሲያንጐራጕር፣ ሲያዘገይ፣ ሲቸኵል፣ ያ ሐረግ ሳይናወጥ ይዞራል። ይህን ከማንም አልገለበጡትም።

ለዚህ ምስክር ከፈለጋችሁ «ኤረ መላ መላ»ን አዳምጡ። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተው ነው። የማሕሙድን ድምፅ ሁሉም ያውቃል፤ ለአንድ ጊዜ ግን ማሕሙድን ተዉትና (ይቅር ይበሉን!) ከሥር ያለውን ብቻ ተከተሉ። የሚዞረው ሐረግ ሰውን ቀስ በቀስ እንደሚያስክር፣ ለማስከርም እንደማይቸኵል ታያላችሁ። ያንን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ ነው። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሲሆንም ሪኮ ቤዙንና የባንዱን አመራር እንደያዘ ቀጠለ፤ ሰላም ሥዩም በጊታር አብሮት ነበር። በ1980ዎቹ በየቤቱ ከነበሩት ካሴቶች እጅግ ብዙዎቹ የሮሃ አጃቢነት ያለባቸው ናቸው፤ ስለዚህ ወላጆቻችን በሠርጋቸው ቀን የጨፈሩት፣ ሳያውቁት፣ በሪኮ ጣቶች ላይ ነው። አይቤክስ በ1976 ያለ ድምፃዊ የቀረጸው ሙዚቃም አለ፤ ዘፋኝ ስለሌለበት ቤዙ ፊት ለፊት ይታያል። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል ትምህርት ቤት አላውቅም።

ሌላው መላከ ገብሬ ነው፤ የዋልያስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች። ዋልያስ በሒልተን ሆቴል ሲጫወት ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። እስቲ ነገሩን አስቡት፤ ሰው ሰዓቱ ሳይደርስ ይገባል፣ እስኪነጋ መውጣት የለም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ዘፋኝ ተራውን ጨርሶ ይቀመጣል፤ ሳክስፎን የሚነፋው በየመካከሉ ከንፈሩን ያሳርፋል፤ ቤዝ ግን ዘፈኑ ከተጀመረበት እስከሚያልቅበት ለአንዲት ቅጽበት ቢያቆም ወለሉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እግሩን ይስታል። በዚህ ዓይነት ሌሊት የሠለጠነ ጣት ምን እንደሚመስል ለማወቅ በ1977 የወጣውን የዋልያስን ሸክላ ማዳመጥ ይበቃል። በዚያ ላይ ያለው፣ ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት»፣ ዛሬ በውጭ አገር ያሉ ብዙ ባንዶች የሚጫወቱት ሆኗል። ሲጫወቱት ሁሉም መጀመሪያ የሚያጠኑት የሚመላለሰውን የሥር ሐረግ ነው፤ እርሱ ካልተያዘ የቀረው አይቆምም።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርኢት ሄደ። ከአባላቱ አራቱ፣ ኃይሉ መርጊያ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ ግርማ በየነና መላከ ገብሬ፣ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን፣ የደለስን አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞች የሚያመላልስ የታክሲ ነጂ ሆኖ ኖረ፤ በ1985 የሠራት ካሴት በ2013 እንደ ገና ታትማ ዓለም እስኪፈልገው ድረስ። ስለ ኃይሉ ብዙ ተጽፏል፤ ሊጻፍለትም ይገባል። ስለ መላከ ግን ከስሙ በቀር የተጻፈ ለማግኘት የሸክላ ልባስ መገልበጥ ግድ ነው። አንድ ባንድ፣ አንድ ጕዞ፣ አንድ ስደት፤ ታሪኩ ግን እንደ ቆሙበት ስፍራ ይከፋፈላል።

ቦሌን ያነሣሁት በአክስቴ ምክንያት ብቻ አይደለም። የመንገደኛው ማረፊያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከልደታ ሜዳ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ወዲህ የሙዚቃችን ታሪክ በዚህ በር ወጥቶ የገባ ነው። መሣሪያው በዚህ ይመጣል፤ ተጫዋቹ በዚህ ይሄዳል። አንዳንዱ ይመለሳል። ሄኖክ ተመስገንን ውሰዱ። በ1984 ዋሽንግተን ላይ ከቴዎድሮስ አክሊሉና ከአበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ ጋር በአድማስ ባንድ ውስጥ የነበረ ቤዝ ተጫዋች ነው። በስደት ሳሉ ባሳተሟት ሸክላ ላይ የአገራቸውን ቅኝት ከሬጌና ከጃዝ ጋር አገናኝተው ተጫወቱ፤ ሸክላዋም በ2020 እንደ ገና ታተመች። ሄኖክ በቦስተን ከበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሮ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ተመልሶ፣ ያወቀውን ለወጣቶች ያስተምራል፤ ከግሩም መዝሙር ጋር በአዲስ አኩስቲክ ውስጥም በኮንትራባስና በቤዝ የጥንቱን ዘመን ዜማ አንሥቷል። ሊመለስ የሚችል ሰው ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ምን እንደ ሆነ በጉምሩክ ሚዛን አይለካም።

ዘለቀ ገሠሠ ደግሞ በሄደበት አገራችንን ያስጠራ ነው። ዳሎል የሚባለው የኢትዮጵያውያን ባንድ ቤዝ ተጫዋች ሆኖ በቺካጎ ከተማ ሬጌ ሲጫወቱ ኖሩ። በ1988 የቦብ ማርሊ ልጅ ዚጊ ማርሊ «ኮንሸስ ፓርቲ» የተባለውን ሸክላ ሲቀርጽ ያጀበው ይኸው የሐበሻ ባንድ ነው፤ ሸክላውም የግራሚ ሽልማት አገኘ። ልብ በሉ፤ ሬጌ ማለት ከሌላው ሙዚቃ ሁሉ ይልቅ ቤዝ ንጉሥ የሆነበት ሙዚቃ ነው። በዚያ ሙዚቃ የማርሊን ልጅ ከሥር ሆኖ የተሸከመው ኢትዮጵያዊ ነበር። ከሸክላው አዘጋጆች አንዷ ቲና ዌይማውዝም ራሷ ስመ ጥር ቤዝ ተጫዋች መሆኗን ስጨምርላችሁ፣ ቤዝ ለወንድ ብቻ ነው የሚሉትን ወንድሞቼንም በዚያው አንድ መልስ እንዳገኙ ይቍጠሩልኝ። ካልበቃቸውም ካሮል ኬይ አለች፤ በ1960ዎቹ በሎስ አንጀለስ ስቱዲዮዎች ስፍር ቍጥር በሌለው ቀረጻ ላይ ቤዝ የመታች ሴት።

ስለ ውጭዎቹ ብዙ አልልም፤ ስማቸው በየመጽሐፉ አለ። ጃኮ ፓስቶሪየስ ከቤዙ አንገት የብረት ዘንጎቹን ነቅሎ ጥሎ መሣሪያውን እንደ ሰው ድምፅ እንዲያንጐራጕር አደረገው፤ በ1987፣ በ35 ዓመቱ፣ በአንድ የምሽት ቤት በር ላይ ተደብድቦ ሞተ። ላሪ ግራሃም በአውራ ጣቱ ክሩን እንደ ከበሮ መምታት አስተማረ። ቢል ላስዌል በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተባለ አልበም ያዘጋጀ፣ በኋላም በ2012 የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» የሠራ፣ እርሱም ቤዝ ተጫዋች ነው።

አንዱን ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ ጄምስ ጀመርሰንን። የዲትሮይት ሰው ነው። በ1960ዎቹ ሞታውን የሚባለው የሸክላ ኩባንያ ዓለምን ሁሉ ያስጨፈረባቸውን ዘፈኖች ከሥር የመታው እርሱ ነው፤ በቀኝ እጁ አንዲት አመልካች ጣት ብቻ እየተጠቀመ። ዘፋኞቹ ስማቸው በመብራት ተጻፈ። እርሱና ባልንጀሮቹ ግን በልባሱ ላይ ስማቸው ሳይታተም ዓመታት አለፉ፤ የጀመርሰን ስም በኩባንያው ትልቅ ሸክላ ላይ የወጣው በ1971፣ በማርቪን ጌይ ሥራ ነው። በ1983 ኩባንያው 25ኛ ዓመቱን በቴሌቪዥን ሲያከብር ጀመርሰን አልተጠራም። ትኬት ገዝቶ ከበስተ ኋላ ወንበር ተቀምጦ ተመለከተ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሞተ። የሙዚቃ ባለሟሎች የክብር ስም የሰጡት በ2000 ነው፤ እርሱ ከሞተ 17 ዓመት በኋላ።

ይህን ያነበበ ሰው «አሜሪካኖች ግፈኞች ናቸው» ብሎ እንዳይቸኵል። እኛ ቤት ያሉትን የካሴት ልባሶች አውጡና ተመልከቱ። የዘፋኙ ፎቶግራፍ አለ፤ የአሳታሚው ሙዚቃ ቤት ስም፣ አንዳንዴም ስልኩ አለ፤ ግጥምና ዜማ ደራሲው ካለ ደግ ነው። አጃቢው «ሮሃ ባንድ» ወይም «ዳህላክ ባንድ» ተብሎ በጅምላ ይጻፋል። ቤዙን ማን እንደመታው ለማወቅ ሌላ ቤዝ ተጫዋች መጠየቅ ይሻላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ሌላ ከዋኙንም ባለ መብት ያደርጋል። ስሙ ያልተጻፈ ከዋኝ ግን መብቱን ይዞ የት ይሄዳል? የሕግ ተማሪዎቻችን ይህንን አንድ ቀን ቢያብራሩልን ከብዙ የመድረክ ክርክር ይጠቅመናል።

በእኔም ላይ የደረሰ አለ። ዓምና በቦሌ አካባቢ በአንድ አዳራሽ በተደረገ ሠርግ ላይ ለመጫወት ተጠርተን ሄድን። መድረክ መሪው ባንዱን ሲያስተዋውቅ ዘፋኟን፣ ኪቦርዱን፣ ድራሙን፣ ሳክስፎኑን፣ እያንዳንዳቸውን በስማቸውና በሙገሳ ጠራ። ወደ እኔ ሲደርስ ጥቂት አመነታና፣ «እና ሌሎችም» አለ። የቀረነው እኔ ብቻ ነበርሁ። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ስትቈጣኝ «አንተ ሌሎችም!» ትለኛለች።

አሁን ወደ ኪቦርዱ ልምጣ፤ የስብሰባው ነገር እርሱ ነውና። ኪቦርድ ቤዝን መተካቱ እኛ የጀመርነው አይደለም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በየምሽት ቤቱ ባንድ እየጠፋ አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ብቻ ይቀሩ ጀመር። ምክንያቱን እረዳለሁ፤ የምሽት ቤት ባለቤት ለአራት ሰው የሚከፍለውን ለአንድ መክፈል ከቻለ ለምን ይከለከላል? ኪቦርድ ተጫዋቹም ቤተሰብ አለው። እኔ ኪቦርድን አልጠላም፤ የኃይሉ መርጊያን ያህል ማን ያስደስተኛል? ነገር ግን በግራ እጅ የሚመታ ቤዝ ምን እንደሚጐድለው ማወቅ አለብን። ክር ሲነካ ድምፁ የሚጀምርበት፣ የሚወፍርበትና የሚሞትበት መንገድ በጣት አያያዝ ይለያያል፤ ጣት ከክሩ ላይ ጥቂት ዘግየት ብሎ ሲነሣ ድምፁ ወደሚቀጥለው ይንሸራተታል፤ ቶሎ ሲነሣ ባዶ ስፍራ ይተዋል። ጭክጭካ የሚኖረው በዚያ ባዶ ስፍራ ውስጥ ነው። የኪቦርዱ ቁልፍ ግን ወይ ተጭኗል ወይ አልተጫነም። በዚያም ላይ ያው አንድ ሰው በቀኝ እጁ ዜማ፣ በግራ እጁ ቤዝ ሲይዝ፣ ቀኙ ሲከብደው ግራው ይሰንፋል። ከሥር ያለው ደግሞ የሚሰንፍበት ጊዜ ሊኖረው አይገባም።

ሌላም አለ፤ ይህ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ነው። ቤዝና ድራም ሁለት ሰዎች ሆነው መተያየት አለባቸው። እኔ ከእኛ ድራም ተጫዋች ጋር በሦስት ዓመት ውስጥ ከመድረክ ውጭ ብዙም አልተነጋገርሁም፤ ጠባያችን አይገጥምም፤ በፖለቲካማ ጨርሶ! መድረክ ላይ ግን የቀኝ እግሩ ከመነሣቱ በፊት የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ፤ እርሱም ጣቴን ያውቃል። ይህን የመሰለ መግባባት በየትኛውም ስብሰባችን ላይ አላየሁም። አንዱን ሰው ቀንሰን ስንት ብር እንደምናተርፍ ሒሳብ ሹማችን ነግሮናል፤ የምንቀንሰውን ግን በሰንጠረዡ ላይ አላገኘሁትም።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባላል። ቤዝም እንዲሁ ነው፤ አራት ክር ብቻ ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል። በስብሰባው ላይ «ማንም በሳምንት ይለምደዋል» ያለው ወንድማችን ሐሙስ ማታ ወደ መለማመጃ ክፍላችን ይምጣ፤ መሣሪያውን እሰጠዋለሁ። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ከሥር ለሰባት ደቂቃ ሳያቋርጥ፣ ሳይፈጥን፣ ሳያጌጥ ይያዝልኝ። ከቻለ ቦታዬን እለቅለታለሁ፤ ለኪቦርዱም ድምፄን እሰጣለሁ።

ለማኅበሩ የማቀርበው ጥያቄ ትልቅ አይደለም። የምሽቱ ፕሮግራም በወረቀት ሲታተም የሁሉም ተጫዋች ስምና መሣሪያ ይጻፍ፤ «አጃቢዎች» የሚለው ቃል ይቅር። ቤዝ ጊታሩ በቦታው ይቆይ። ክሮቹም ይለወጡ፤ ሶሉ ክር ከተበጠሰ አምስት ወር ሆኖታል፤ እኔም በሦስት ክር ስጫወት ማንም አላወቀም። ይህን ስናገር ለተቃዋሚዎቼ መሣሪያ ማቀበሌ እንደ ሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን እውነት ነው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ከእናንተ መካከል በ1970ዎቹ ወጣት የነበራችሁ፣ በራስ ሆቴልና በሒልተን እስኪነጋ የቆያችሁ አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንደምትክዱ ባውቅም። ከዘፋኙ በስተ ኋላ፣ ከድራሙ አጠገብ፣ ረዥም አንገት ያለው ጊታር ይዞ የቆመው ሰው ማን እንደ ነበረ የምታስታውሱ፣ ስሙንና የባንዱን ስም በቍራጭ ወረቀት ጽፋችሁ በጋዜጣችን ሣጥን ውስጥ ጣሉልን። የመጣውን ሁሉ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

አክስቴ በመጨረሻ በሦስት ሻንጣ ወጣች። ከእነርሱ በአንደኛው ውስጥ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ ያዘዝኋት አንድ ስብስብ የቤዝ ክር ነበር፤ ሲከፈት ግን የተራ ጊታር ሆኖ ተገኘ። ሻጩ፣ «ያው ነው» ብሏት ነው።